የአልታዬ እሳት

ከመካነ ሰላም በላይ፣ ከደጋው
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ለሄደው ለወንድሜ ልጅ ለቸኮል፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። ያለህበትን ብርድ ፈጣሪ ያቅልልህ፣ ሥራህን ያቃናልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፣ ገብሱም ዘንድሮ ደህና ይዟል። ጎረቤታችን ራሕማ ዱዓ ታደርግልሃለች፤ ያ ቀጫጫ ልጅ እዚያ ሄዶ ወፈረ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

በደብዳቤ የምጨቀጭቅህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። እዚህ ኔትወርክ የለም። አባትህም በስልክ ጆሮው አይሰማለትም፣ ሲነበብለት ግን ደስ ይለዋል። እኔም ብሆን በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩትን ፊደል ዝገት እንዲበላው አልፈልግም። ለገበያ መካነ ሰላም ስወርድ ብረት ሠሪው ያሲን ሱቅ እገባለሁ፣ እሱ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ መልስህንም በወረቀት ገልብጦ ይሰጠኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያሠራህልን ቆርቆሮ ቤት አልቋል። ከሩቅ ሲያዩት ያበራል፤ መንገደኛው ሁሉ የማን ቤት ነው ይላል። ከገቡበት በኋላ ግን ልጄ፣ ብርድ ነው። የሳሩ ቤት ቢያንስ ሙቀት ይይዝልን ነበር። ይሄኛው ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ደግሞ ጣራው ያላበው ውኃ ፊታችን ላይ ይንጠባጠባል። አባትህ ምድጃውን መሐል ቤት አድርጎ ባሕር ዛፍ ይማግዳል፣ ያውም እርጥቡን። እርጥብ እንጨት ቶሎ አያልቅም ባይ ነው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ቤቱን ሞልቶ ይተኛል። ሳሉ ብሶበታል። ከቤቱ ጀርባ የነበረው ባሕር ዛፍም እየመነመነ ነው።

ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ሳንባው በጭስ ተጎድቷል፣ ከጭስ ይራቅ አለ። እህትህ ብርሀንነሽ ይህን በሰማች ጊዜ ከደሴ መልእክት ላከች። ቤቱ በዚሁ ከቀጠለ ጥምቀት ሲያልፍ መጥታ ልትወስደው ነው። ልጅ ናትና አልፈርድባትም። ግን አባትህ ደሴ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል? በመስኮት ባጃጅ ሲያይ ይዋል? ከዚህ ደጅ ከተነቀለ ብዙም አይቆይም፣ ያንን እኔም አንተም እናውቃለን።

እሱ "ከእሳቴ አልለይም" ብሎ ዘግቷል። እሳቱን እንደ ሕፃን ነው የሚይዘው። ማታ በእጁ አመድ አልብሶ ይዳፍነዋል፣ ጠዋት ራሱ ይገልጠዋል፣ እኔን እንኳ አያስነካኝም።

አንተ ያለህበት አገር ምድሩ በረዶ ነው ይባላል። እነዚያ ሰዎች ሳይታፈኑ እንዴት ነው የሚሞቁት? ጠይቅና ጻፍልኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፣ ዕውቀት ነው የጠየቅሁህ።

ከሳልም ከብርድም ይጠብቅህ።
አክስትህ በዛች

*

ኖርዌይ
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አክስቴ ለእትዬ በዛች፤

ካለሁበት ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ለአባባም እጅ ነስቻለሁ፣ ለራሕማም ወፍሬያለሁ ብለው ይንገሩልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከሥራ እየወጣሁ ነበር። ሥራዬን ያውቁታል፣ የሰው አባት አጥቤ፣ አልብሼ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቤ ማስተኛት ነው። የራሴ አባት ጣራው እያንጠባጠበበት እንደሚያድር ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ መጣ። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ለጥያቄዎ መልስ አለኝ፣ ምክንያቱም ትምህርቱን በውርደት ነው ያገኘሁት። የተከራየሁት ቤት በእንጨት ነው የሚሞቀው። በመጣሁ ዓመት እንደ አባባ እርጥብ እንጨት እየማገድኩ፣ እንዳያልቅብኝም አየሩን እየዘጋሁ አሳልፌ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት የጭስ ማውጫ የሚጠርግ ሰው መጣና ከቧንቧው ጥቁር ሙጫ ፍቆ አሳየኝ። ይሄ ያልነደደ እንጨትህ ነው አለኝ፣ ግማሹን ለሰማይ ነው የማገድከው። አከራዬ የሆኑት አሮጊት አጠገቡ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያፈላል፤ እኛን የሚያሞቀው ከዚያ የተረፈው ነው። ቶሎ የማያልቀው ስለማይነድ ነው እንጂ በረከት ስላለው አይደለም። እዚህ እንጨት ተቆርጦ ወዲያው ይፈለጣል፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይደረደራል፣ ከላይ ብቻ ተሸፍኖ ጎኑ ለነፋስ ይተዋል፣ በጋውን ሙሉ ሲደርቅ ከርሞ ነው እሳት የሚያየው። ሁለት ፍልጥ አጋጭተው ይስሙ። ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። ሲነድ ደግሞ ቀጫጭኑን ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ፣ አየር ሳይነፍጉ፣ ቦግ አድርጎ ማንደድ ነው። በደንብ የነደደ እሳት ከውጭ ሲያዩት ጭስ የለውም።

ለያሲን ሥዕል ልኬለታለሁ። ከወፍራም ላሜራ በር ያለው ምድጃ ይሠራል፣ ቧንቧው በጣራው አልፎ ጭሱን ያወጣል። እርስዎ ደግሞ ማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተው ኮርኒስ ያድርጉ፣ ከቧንቧው ግን ይራቅ። የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ይድፈኑት። ጥምቀት ሳይደርስ ቤቱ ከሞቀ ብርሀንነሽም ታዳምጣለች።

ጤናዎን ያብዛልኝ።
ልጅዎ ቸኮል

*

ከደጋው
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቸኮል፣ ለምድጃው መሐንዲስ፤

የእመብርሃን ጥላ አይለይህ። ሳልጽፍልህ የቆየሁት አኩርፌ አይደለም፣ ቤት ስደፍን ነው የከረምኩት። ያልከውን ሁሉ አድርገናል። ያሲን ምድጃውን በበቅሎ ጭኖ መጥቶ ራሱ ተከለው። ቧንቧው መሐል ላይ እጀታ ያለው መዝጊያ አለው። እንጨቱንም እኔና ራሕማ አጋጭተን እየሰማን ደረቅ ደረቁን ለየን። መንገደኛ ቢያየን አብደዋል ይለን ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ግሩም ነበር። አባትህ ጋቢውን አውልቆ በሸሚዝ ተቀመጠ። ራሕማ ውጭ ቆማ ጭስ ስለጠፋባት እሳት አላነደዳችሁም ወይ ብላ ገባች። ያን ሌሊት ያለ ሳል አደረ፣ እኔም የተኛሁት እንቅልፍ የልጅነቴን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ግን አላማረኝም። አባትህ እሳቱን እንደ ድሮው ካልዳፈንኩ ብሎ ማታ ፍሙ ላይ አመድ ይከምራል፣ ሙቀቱ በቧንቧ እንዳይሄድበትም መዝጊያውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ጠዋት ራሱን ይዞ ተነሣ፣ አስመለሰው። ምች ነው ብዬ ዳማ ከሴ ጨምቄ አጠጣሁት፣ አሸሁትም። ቀን ደጅ ሲቀመጥ ተሻለው። በማግስቱ እኔን መታኝ። ደግሞ እሱን። ዘንድሮ ምቹ ከቤታችን አልወጣ አለ፣ ዳማ ከሴዬንም ጨረስኩት። ቧንቧህም ጥቁር ቅባት እያለቀሰ ነጭ ጋቢውን አበላሸበት።

ይህንን ወሬ ደሴ ያደረሰ ሰው አለ። ብርሀንነሽ ጥምቀትን እንዳከበርኩ እመጣለሁ፣ ዕቃቸውን አዘጋጂ ብላኛለች። አባትህ ሰምቶ አመድ ሲጠርግ አመሸ። ሲቆጣ አውቀዋለሁ፣ አለመቆጣቱ ግን ያስፈራኛል። እስኪ ምን ትላለህ?

አክስትህ በዛች

*

ኖርዌይ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በዛች፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን አሟላለሁ። ይህ ሳይደርስዎ ያሲን ቤትዎ ደርሶ እንደሚሆን ተስፋ አለኝ። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ደውዬለት ሥራውን ጥሎ በፈረስ እንዲወጣ ለምኜዋለሁ።

ምች አይደለም። የታፈነ ፍም መርዝ ነው የሚያወጣው፣ ሽታም ጭስም የለውም። ሰው ተኝቶ በዚያው ይቀራል። የሳሩ ቤት በጣራው ስለሚተነፍስ ነው ስንት ዘመን እሳት ዳፍነን ያደርነው። ይሄኛው አይተነፍስም፣ ስንጥቁን ሁሉ ድፈኑ ያልኳችሁም እኔ ነኝ። ግማሹን አስተምሬያችሁ ግማሹን ሳልነግራችሁ ቀረሁ።

እባክዎ፣ የቧንቧውን መዝጊያ ያሲን ነቅሎ ይጣለው። ከቤቱ በር ሥር አየር ማስገቢያ ይከፈት። ማታ እሳቱ ነድዶ ይለቅ፣ ከዚያ ይጥፋ። ተዳፍኖ አይደር። ቧንቧውን ቅባት ያስለቀሰውም መታፈኑ ነው።

እሳቱ ከጠፋ ሌሊቱን በምን እንሞቃለን ይሉኛል። በድንጋይ ነው። በምድጃው ዙሪያና ከኋላው ወፍራም መደብ በድንጋይና በጭቃ ይሠራ። ምሽት ቦግ ብሎ የነደደውን ሙቀት ድንጋዩ ይጠጣዋል፣ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይመልሰዋል። አባባም ጋቢያቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ይተኛሉ። ፍም ማሳደሩ ቀርቶ ሙቀቱን ብናሳድር ይበቃናል።

አባባ እሳቱ አይጥፋ ያሉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ጠዋት በክብሪት መጫር ነው እኮ። ክብሪት ጠፋ እንዴ?

ቸኮል

*

ከደጋው
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቸኮል፤

ያሲን በደህና ደርሶልናል፣ ፈረሱን በላብ አጥምቆ። መዝጊያውን ነቀለ፣ ከበሩ ሥር ቀዳዳ አወጣ፣ ምሳ ሳልበላ አልሄድም ብሎ እኔንም አሳቀኝ። ራስ ምታቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቀቀን። አላህ ይስጠው፣ አንተንም አይንሣን። ለካ ሞታችንን በዳማ ከሴ ስናሽ ነው የሰነበትነው።

መደቡ እየተሠራ ነው። አባትህ በዚህኛው አልተከራከረም። ድንጋዩን ከጅረቱ ራሱ ይመርጣል፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ራሱ ያቦካል። ሳሉም ቢሆን ቀንሶለታል። እስከዚያው ግን እሳቱን የሚያሳድረው በሌላ ዘዴ ነው። ማታ ማታ ፍሙን በሸክላ ገል አውጥቶ የድሮው ሳር ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ይዳፍነዋል፣ ሌሊት እየተነሣ ብርድ ውስጥ ይጠብቀዋል። ሳንባው እንዲህ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ሊያድር! ብርሀንነሽ ይህን ካየች አንድ ቃል ሳትጨምር ትወስደዋለች፣ እኔም አልከለክላትም።

ስለ ክብሪቱ የጻፍከውን ሳነብለት ተነሥቶ ወጣ። ክብሪትማ ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም። አንተ ያን ጊዜ ደሴ ተማሪ ነበርክና ማንም አልነገረህም፣ ስለዚህ እኔ ልንገርህ። እናትህ አልታዬ ያረፈች ዕለት ማታ እሳቱን እንደ ወትሮዋ ዳፍና ነው የተኛችው። ጠዋት እሷ አልነቃችም። ቤቱ በለቅሶ ሲናወጥ አባትህ ሄዶ አመዱን ቢገልጠው ፍሙ ደህና ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሌሊት ሳያሳድረው አያውቅም። እሷ በእጇ የተወችው እሱ ነው፣ ሌላ ምን አለው? የቀረውን ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተነዋል።

እኔ አጥፋው ልለው አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። አንተ ልጇ ነህ፣ አንተ የምትለውን አስብበት።

አክስትህ በዛች

*

ኖርዌይ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ አድማሴ፣ እትዬ በዛች እንዲያነቡልዎ፤

አባባ፣ እንደምን አሉ? መልስ ያዘገየሁት ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ስለቀደድኩ ነው። አድርጉ፣ አታድርጉ ስል ከርሜያለሁ፣ አሁን ግን ማዘዙን ትቻለሁ።

የእማዬን እሳት ነገር አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ስለ ክብሪት አልጽፍልዎትም ነበር። ደብዳቤውን ካነበብኩ ወዲህ እኔም እዚህ ምድጃዬን ስለኩስ እጇን ነው የማየው፣ አመዱን ከዳር ወደ መሐል እየሰበሰበች መታ መታ ስታደርገው።

እሳቱን አጥፉ አልልዎትም። እርስዎን ግን እፈልግዎታለሁ። ፈቃድ ሞልቶልኛል፣ ለፋሲካ እመጣለሁ። ስመጣ ደሴ ሳይሆን እዚያው ደጅዎ ተቀምጠው ባገኝዎት ደስታዬ ነው። የቀረውን እርስዎ ያውቃሉ።

ልጅዎ ቸኮል

*

ከደጋው
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቸኮል፣ የአልታዬ ልጅ፤

ደጁን እንደወጣህ በደህና የሚያስገባህ አምላክ ለፋሲካው ያድርስህ። ተቀምጠህ አንብብ፣ አሁን የምጽፍልህን እየሄድክ አታነበውም።

ብርሀንነሽ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሻንጣ ይዛ መጣች፤ ባዶ ነው፣ ለአባትህ ልብስ። መደቡ ደርቆ ነበር። እራት ከበላን በኋላ አባትህ ያንተን ደብዳቤ ድገሚልኝ አለኝ፣ ደገምኩለት። ከዚያ ፍልጡን ቀጫጭን አድርጎ አነደደ፣ ቦግ አድርጎ። ፍም ሲሆን ገሉን ያነሣል ብዬ ስጠብቅ አላነሣም። ምድጃው ፊት ተቀምጦ ቀዩ እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሲሄድ አየው። አልቅሶ እንደሆነ አላውቅም፣ ጀርባውን ነው የሰጠን። ሲጠፋ መደቡ ላይ ወጥቶ ጋቢውን ተከናነበ። እኔ ማልቀሴን አልደብቅህም።

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ብርሀንነሽ ተነሥታ መዳፏን መደቡ ላይ አሳረፈች፣ ትንሽ ቆይታ ሌላኛውንም እጇን ጨመረች። ሞቅ ብሎ ነው ያደረው። አባትህን ስታየው ያለ ሳል ተኝቷል። ሻንጣዋን ከመንገድ ገለል አደረገችው።

እሱ ሲነቃ አመዱን በእንጨት ገለጠ። ምንም የለም። ክብሪት ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ ገሉን ይዞ ራሕማ ዘንድ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። የራሕማ ማድ ቤት ሳር ነው፣ እሷ እሳቷን ዛሬም ዳፍና ነው የምታድረው። አባትህ በሩ ላይ ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ የአልታዬ እሳት ጠፋብኝ፣ እባክሽ እሳት ልጫር አላት።

ራሕማ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፣ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

"አያ አድማሴ፣ ይሄ የማን እሳት መሰለዎት? ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከእሷ ነው የጫርኩት። የእኔ ሲጠፋ ከእሷ፣ የእሷ ሲጠፋ ከእኔ ስንጫጫር ነው የኖርነው። ስንት ቀን ጠፍቶባት እርስዎ ሳይነቁ ከእኔ ጭራ ገብታለች። አድማሴ እንዳይሰማ፣ ባለሙያ ነች ብሎ ነው ያገባኝ ትለኝ ነበር።"

አባትህ ሳቀ። ወላሂ ነው የምልህ፣ ልጄ፣ አልታዬ ከሞተች ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማሁትም። እየሳቀ አለቀሰ፣ ራሕማም አለቀሰች፣ እኔማ ተወኝ። ፍሙን በገሉ ላይ አደረገችለት፣ እሱም በሁለት እጁ ይዞ ውርጩን እየረገጠ ወደ ቤቱ ገባ።

ብርሀንነሽ ሦስት ሌሊት መደቡ ላይ አድራ ሻንጣዋን ድንችና ገብስ ሞልታ ደሴ ተመለሰች። ስትሄድ ለፋሲካ ከቸኮል ጋር እመጣለሁ አለችን። እንጨቱን ከቤቱ ጀርባ እንዳልከው ከላይ ብቻ ሸፍነን ደርድረነዋል። ከድሮው ግማሹን እንኳ አንማግድም፣ የቀረው ባሕር ዛፍ ቆሞ ይውል ጀመር። ራሕማም ለእኔም ምድጃና መደብ ይሠራልኝ ብላ ያሲንን ይዛዋለች፣ እሳቷን የምታሳድርበትን ማድ ቤት ግን አታስነካም።

አባትህ አሁን ማታ እሳቱ ሲጠፋ አይቶ ይተኛል። ጠዋት ገሉን ይዞ ወደ ራሕማ ማድ ቤት ይሄዳል። አልታዬ የት እንዳደረች ያውቃል።

አክስትህ በዛች